የካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ሕይወት

ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን በ1901 ዓ.ም. በስዊድን ከመሳፍንት ወገን ተወለዱ። በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በቀይ መስቀል አይሮፕላን ቁስለኛ ያመላልሱ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር 26 ቀን ደሴ በቦምብ ተደበደበች፤ የወሎም ሰው አይሮፕላንን በሞት ዐወቀው። ከድል በኋላ፥ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ዐሥር ዓመት ያህል በቢሾፍቱ የኢትዮጵያን አየር ኃይል አሠለጠኑ። በ1961 ዓ.ም. ለተራበው የቢያፍራ ሕዝብ ወግነው ከአየር ተዋጉ፤ ስለዚህ እጃቸው ከደም ንጹሕ ነበር አይባልም። ነገር ግን ወሎን ረኃብ ከመታው በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፥ ቦምብ በሚንጠለጠልበት ክንፍ ሥር እህል አንጠልጥለው መንገድ ለሌለው ለተራራ ሰው ጣሉለት። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደሉ። ለኤልያስ በቁራ አፍ ምግብ የላከ አምላክ፥ ወታደርንም ለምሕረቱ መልእክተኛ ያደርጋልና፥ ነፍሳቸውን ይማርልን።