የኮምፒውተር መቀስቀሻውን ስም ያወጣለት ሰው፦ ጋሪ ኪልዳል

ከቴል አቪቭ ወደ ቤር ሸቫ ሲወርዱ መንገድ ላይ የምትገኘው ቂርያት ጋት በ1950ዎቹ አጋማሽ የአዲስ ገቢዎች መጠለያ ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዛሬ ከኢትዮጵያ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖሩባታል። በዓለም የቴክኖሎጂ ገበያ ስሟ የሚነሳው ግን በኢንቴል ፋብሪካዋ ነው። ከ1999 ጀምሮ እዚያ የኮምፒውተር ቺፕ ይመረታል፤ በ2008 ደግሞ ፋብ 28 የተባለው ሁለተኛው ፋብሪካ ሥራ ጀመረ።

ቺፕ ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ ኤሌክትሪክ በደረሰው ቅጽበት እንደ አራስ ሕፃን ነው። ሜሞሪው ስንት እንደሆነ፣ ዲስክ ይኑረው አይኑረው፣ ከኔትወርክ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ወደ አንድ የተወሰነ አድራሻ ሄዶ እዚያ የሚጠብቀውን የመጀመሪያ ትእዛዝ ማንበብ። እዚያ የተቀመጠው ትንሽ ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ሰርቨር የሚተክሉ ባለሙያዎች ግን እስከ ዛሬ ድረስ በአጭሩ ባዮስ ይሉታል።

ይህን ስም ያወጣው አሜሪካዊው ጋሪ ኪልዳል ነው። ስሙን የሚያውቁ ሰዎች እንኳን አብዛኞቹ የሚያነሱት በሌላ ወሬ ነው። የአይቢኤም ሰዎች ለትልቅ ስምምነት ሲመጡ እሱ አውሮፕላኑን ሊያበር ሄዶ ዕድሉ አመለጠው ይሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ ሰውየውም በዚያ ወሬ ብቻ የሚለካ አልነበረም።

የመርከበኞች ትምህርት ቤት ልጅ

ኪልዳል በ1942 ሲያትል ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ መርከበኞች በባሕር ላይ አቅጣጫቸውን እንዴት እንደሚያገኙ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበረው። እሱም ሲያድግ የሂሳብ መምህር ለመሆን አስቦ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያ ግን ኮምፒውተር አገኘና ልቡ በዚያው ቀረ። በ1963 ከትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቃትን ዶሮቲ ማክዩንን አገባ።

ጊዜው የቬትናም ጦርነት ጊዜ ነበር። ኪልዳል የውትድርና ግዴታውን የተወጣው በካሊፎርኒያዋ ሞንትሬይ ከተማ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በማስተማር ነው። በ1972 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ። በዚያ ዘመን ፕሮግራም እንዴት ፈጣን እንዲሆን እንደሚደረግ ያጠናው ጥናት ዛሬም ኮምፓይለር በሚማሩ ተማሪዎች ዘንድ ይታወቃል። እንግዲህ ኪልዳል እንደሚወራው ጨዋታ ወዳድ ነጋዴ ሳይሆን መጀመሪያውኑ መምህርና ተመራማሪ ነበር ማለት ነው።

አንዲት ትንሽ ቺፕ

በ1971 ኢንቴል 4004 የተባለውን ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ አቀረበ። የተሠራው ለሂሳብ ማሽን ነበር፤ ብዙ ሰው ከዚያ ያለፈ ነገር አልታየውም። ኪልዳል ግን አንዱን ገዝቶ ፕሮግራም ይጽፍለት ጀመር። ኢንቴልም ሥራውን አይቶ አማካሪ አድርጎ ቀጠረው። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ወደ ኢንቴል እየተመላለሰ በ1973 ፒኤል/ኤም የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሠራ። ለማይክሮፕሮሰሰር ከተሠሩት የላቁ ቋንቋዎች የመጀመሪያው ይህ ነው።

በዚያው ሰሞን የኢንቴል ባልደረባ የነበረው እስራኤላዊው ዶቭ ፍሮማን ኢፕሮም የተባለውን ሜሞሪ ፈልስፎ ነበር። ኤሌክትሪክ ቢጠፋ የተጻፈበትን አይረሳም፤ ሲፈለግ ደግሞ በአልትራቫዮሌት ጨረር ተጠርጎ እንደገና ይጻፍበታል። ፈርምዌር የሚቀመጥበት ምቹ ቤት ተገኘ ማለት ነው። ፍሮማን ከዚያ በኋላ ጋና ሄዶ ኩማሲ ውስጥ አስተማረ። በ1974 ደግሞ ወደ እስራኤል ተመልሶ ኢንቴል በሃይፋ የዲዛይን ማዕከል እንዲከፍት አደረገ። የቂርያት ጋት ፋብሪካ የመጣው በዚሁ መስመር ነው።

ኪልዳል ወዲያው አንድ ችግር ገጠመው። ፕሮግራሙን የሚያስቀምጥበት የፍሎፒ ዲስክ መሣሪያ አገኘ፤ ከቺፑ ጋር የሚያገናኘው ነገር ግን አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ከጆን ቶሮድ ጋር ሆነው ማገናኛውን ሠሩ። በ1974 ዲስኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም ሥራ ጀመረ። ስሙን ሲፒ/ኤም አለው። ኢንቴል ፒኤል/ኤምን ወሰደ፣ ሲፒ/ኤምን ግን አልፈለገውም። ኪልዳልና ዶሮቲ ታዲያ ፓሲፊክ ግሮቭ በምትባለው የባሕር ዳርቻ ከተማ የራሳቸውን ኩባንያ ከፈቱ። ስሙ በመጀመሪያ ኢንተርጋላክቲክ ዲጂታል ሪሰርች ነበር፤ በኋላ ዲጂታል ሪሰርች ተብሎ አጠረ። እሱ ፕሮግራሙን ይጽፋል፣ እሷ ንግዱን ትመራለች።

የሚለየውን ከማይለየው መነጠል

በዚያ ዘመን እያንዳንዱ አምራች የራሱን ዓይነት ማሽን ይሠራ ነበር። የአንዱ ዲስክ ከሌላው አይገጥምም፣ የአንዱ ስክሪን ከሌላው አይመሳሰልም። አዲስ ማሽን በመጣ ቁጥር ኪልዳል ሲፒ/ኤምን ውስጡ ገብቶ መነካካት ነበረበት። ኢምሳይ የተባለው ኩባንያ ፕሮግራሙን ለራሱ ማሽኖች ሲፈልገው ኪልዳል ይህ ድግግሞሽ ሰለቸው።

መፍትሔው ቀላል ይመስላል። በ1975 እና በ1976 ፕሮግራሙን ለሁለት ከፈለው። ፋይል የሚያደራጀውና ትእዛዝ የሚቀበለው ትልቁ ክፍል በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል። ከዲስኩ፣ ከኪቦርዱና ከስክሪኑ ጋር በቀጥታ የሚነጋገረው ትንሹ ክፍል ደግሞ ለየማሽኑ ይጻፋል። ይህን ትንሽ ክፍል ባዮስ አለው፤ መሠረታዊ የመግቢያና የመውጫ ሥርዓት ማለት ነው።

አዲስ ገቢ ሆኖ አስተርጓሚ ይዞ ወደ ቢሮ የሄደ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል። ባለጉዳዩ የሚናገረው ያው አማርኛውን ነው፤ ጉዳዩም አይለወጥም። ቢሮው ሲለወጥ የሚለወጠው አስተርጓሚው ነው። ጥሩ አስተርጓሚ ካለ ባለጉዳዩ የየቢሮውን ቋንቋ ልማር ብሎ ዕድሜውን አይፈጅም።

ውጤቱ ከተጠበቀው በላይ ሆነ። አምራቾች ትንሹን ክፍል ብቻ ለራሳቸው ማሽን እየጻፉ ሲፒ/ኤምን ይገዙ ጀመር። በደመቀበት ጊዜ ወደ 3,000 በሚጠጉ የኮምፒውተር ሞዴሎች ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ሰው የጻፈው ፕሮግራም በሌላ ኩባንያ ማሽን ላይም መሥራት ቻለ። የሶፍትዌር ንግድ ራሱን ችሎ የቆመው ከዚህ በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ያ የሚወራለት ቀን

በ1980 አይቢኤም በጥድፊያ የግል ኮምፒውተር እየሠራ ነበር። ለማሽኑ የመረጠው ፕሮሰሰር ሃይፋ ውስጥ ዲዛይን የተደረገው የኢንቴል 8088 ነው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ግን አልነበረውም። ማይክሮሶፍትን ሲጠይቅ ቢል ጌትስ ወደ ኪልዳል መራው።

የአይቢኤም ሰዎች ፓሲፊክ ግሮቭ የደረሱ ቀን ጠዋት ኪልዳል በራሱ አውሮፕላን ወደ አንድ ደንበኛ ሄዶ ነበር። ለሽርሽር ሳይሆን ለሥራ ነው። እንግዶቹን የተቀበለችው ዶሮቲ ናት፤ የውል ጉዳይ ድሮም የእሷ ሥራ ነበር። አይቢኤም ከምንም በፊት የምስጢር ጥበቃ ውል ይፈረም አለ። ውሉ እጅግ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ስለነበር ዶሮቲና የኩባንያው ጠበቃ አመነቱ። ኪልዳል ከሰዓት በኋላ ተመልሶ እንዳነጋገራቸው ይናገር ነበር፤ ከአይቢኤም ወገን የሚነገረው ግን ይለያል። በገንዘቡ አከፋፈልም አልተስማሙም። ያም ሆነ ይህ፣ ስምምነት ሳይደረስ ቀረ።

ማይክሮሶፍት ክፍተቱን አየ። የሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ባለሙያ የነበረው ቲም ፓተርሰን የጻፈውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ገዝቶ ለአይቢኤም አቀረበ። ያ ፕሮግራም ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርበት መንገድ የሲፒ/ኤምን የተከተለ ነበር። ኪልዳል ይህን ሲያይ ተቆጣ። አይቢኤምም ክስ እንዳይመጣበት ሲፒ/ኤምንም ጎን ለጎን እሸጣለሁ ብሎ ተስማማ። በገበያው ግን የማይክሮሶፍቱ ዶስ 40 ዶላር፣ የኪልዳሉ ደግሞ 240 ዶላር ሆኖ ወጣ። በስድስት እጥፍ የሚበልጠውን ማን ይገዛል? ፉክክሩ እዚያው አለቀ።

አንድ ነገር ግን ከኪልዳል ሐሳብ አልሸሸም። አይቢኤም በ1981 ባወጣው ኮምፒውተር ውስጥ ማሽኑን የሚቀሰቅሰውን ፕሮግራም ራሱ ጽፎ በማይጠፋ ሜሞሪ ላይ አስቀመጠው፤ ስሙን ግን ባዮስ ብሎ ጠራው። ሌሎች ኩባንያዎች ከአይቢኤም ጋር የሚገጥም ማሽን ለመሥራት ሲነሱ ያስቸገራቸው ይኸው ትንሽ ክፍል ነበር። ኮምፓክ፣ በኋላም በ1984 ፊኒክስ የአይቢኤምን ሳይገለብጡ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ባዮስ ጻፉ። በርካሽ የሚገዙ ኮምፒውተሮች ዓለምን ያጥለቀለቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከሽንፈት በኋላ ያለው ሕይወት

ኪልዳል አልደኸየም፤ ሥራም አላቆመም። ከ1983 ጀምሮ ስለ ኮምፒውተር የሚያወራ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አብሮ ያቀርብ ነበር። በ1985 አንድ ሙሉ ኢንሳይክሎፒዲያ በሲዲ ላይ እንዲወጣ ያደረገው እሱ ያቋቋመው ኩባንያ ነው። ኢንተርኔት በየቤቱ ባልገባበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዲጂታል ሪሰርች በ1991 ለኖቬል ተሸጠ።

ውስጡ ግን አልዳነም። በሄደበት ሁሉ ያንን የአውሮፕላን ወሬ ያነሱበታል። ከዶሮቲ ጋር የነበረው ትዳር ፈረሰ፤ መጠጥም አበዛ። ታሪኩን በራሱ አንደበት ለማስረዳት ትዝታውን ጽፎ ለቅርብ ሰዎቹ ሰጠ፤ በሕይወት እያለ ግን አልታተመም። በጁላይ 1994 ሞንትሬይ ውስጥ አንድ መጠጥ ቤት ጭንቅላቱ ላይ ጉዳት ደርሶበት ከሦስት ቀን በኋላ ሞተ። ዕድሜው 52 ነበር። የትዝታው የመጀመሪያ ክፍል ለሕዝብ የቀረበው በ2016 ነው።

ዛሬ ሰርቨር ሲነሳ

አሁን ባዮስ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ዩኢኤፍአይ የሚባለው ተተኪው ነው። ኢንቴል በ1990ዎቹ መጨረሻ ጀመረው፤ ከ2005 ወዲህ ደግሞ ብዙ ኩባንያዎች በጋራ ያስተዳድሩታል። ሥራው ግን ያው ነው፦ የማሽኑን ልዩ ጠባይ አውቆ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በሚገባው ቋንቋ መንገር።

ይህ በደንብ የሚታየው ምንም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ባልተጫነበት ባዶ ሰርቨር ላይ ነው። ባለሙያዎቹ ቤር ሜታል ይሉታል። የሚተክለው ሰው ከሁሉ በፊት ፈርምዌሩ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ነገሮችን ይወስናል። ማሽኑ በአሮጌው ባዮስ ዘዴ ይነሳ ወይስ በዩኢኤፍአይ? በአሮጌው ዘዴ የተከፋፈለ ዲስክ ከ2 ቴራባይት በላይ አይጠቀምም። በአንደኛው ዘዴ የተጫነ ሲስተም፣ ቅንብሩ ወደ ሌላኛው ከተቀየረ ደግሞ ብዙ ጊዜ አልነሳም ይላል። ብዙዎች ያኔ ዲስኩ ተበላሸ ብለው ይደነግጣሉ፤ ቅንብሩን መመለስ ብቻ ነው የሚበቃው።

ቀጥሎ የመነሻ ቅደም ተከተል አለ፦ መጀመሪያ ከዲስክ ወይስ ከኔትወርክ? በመቶ የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ሲተከሉ በየአንዳንዱ ፍላሽ አይሰካም፤ ሲስተሙ በኔትወርክ ይጫናል። ጭነቱ ካለቀ በኋላ ቅደም ተከተሉን ማስተካከል የረሳ ሰው ግን ሰርቨሩ በተነሳ ቁጥር እንደገና ሊጭንበትና ያለውን ሊያጠፋበት ይችላል። አንድን ሰርቨር ለብዙ ቨርቹዋል ማሽኖች ለማከፋፈል የሚያስችለው ማብሪያና ማጥፊያም እዚሁ ነው። ፊርማ የሌለው ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለው መቆለፊያም እንዲሁ። ዋናው ማሽን ጠፍቶ እንኳን ከሩቅ ሆኖ ይህን ሁሉ ለማስተካከል የሚያገለግል ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር ቦርዱ ላይ ይኖራል።

ጠንቃቃ ባለሙያ እነዚህን ቅንብሮች በየማሽኑ በእጁ እየነካካ አይተዋቸውም። አንድ ቦታ ጽፎ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል፤ የሚለይ ካለም ለይቶ ይመዘግባል። ይህ ደግሞ ኪልዳል በ1970ዎቹ የደረሰበት ሐሳብ ነው፦ የሚለየውን ከማይለየው ነጥሎ ማስቀመጥ።

ኪልዳል የተቀበረው በተወለደባት ሲያትል ነው። በ2014 ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር በፓሲፊክ ግሮቭ፣ የድሮው ኩባንያው በነበረበት ሕንፃ ፊት የመታሰቢያ ሰሌዳ አኖረለት። ሰሌዳው በ1974 ስላሳየው ሲፒ/ኤም እና ስለ ባዮስ ይናገራል። ስለ አውሮፕላኑ የተጻፈበት ነገር የለም።