ልጇን ለሞግዚት ሰጥታ የሰው ልጆችን ያስተማረች ሐኪም

ዛሬ ስለ አንዲት ሴት ላወጋችሁ ነው። ስሟን ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። የማዳምን ልጅ በምናደርስበት መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ይጻፋል፤ ሞንቴሶሪ ይላል። እኔ የባለቤቱ ስም ይመስለኝ ነበር።

እንዳነብ ያደረገኝ የራሴ ልጅ ነው። አያቱ ጋ ነው የሚያድገው። በደወልኩ ቁጥር እናቴ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ አለቀሰ ትለኛለች። የማሳድገው የማዳም ልጅ ግን ጠዋት ቦርሳውን ራሱ አንጠልጥሎ በር ላይ ይጠብቀኛል። ምን ቢያደርጉት ነው አልኩ።

ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1870 ጣሊያን፣ ኪያራቫሌ በምትባል ከተማ ተወለደች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሴት ሐኪም ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀች። መጀመሪያ የሠራችው መማር አይችሉም ተብለው ከተተዉ ልጆች ጋር ነበር። በእጃቸው የሚነኩት ነገር ስትሰጣቸው ብዙ ነገር ተማሩ። ታዲያ ጤነኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ተቀምጠው ለምን ይደነዝዛሉ ብላ ማሰብ ጀመረች።

በ1898 ማሪዮ የሚባል ወንድ ልጅ ወለደች። ከአባቱ ጋር አልተጋቡም። በዚያ ዘመን ሳታገባ የወለደች ሴት ስሟም ሥራዋም ይጠፋል። ስለዚህ ሕፃኑ ገጠር ለሞግዚት ተሰጠ። እየሄደች ታየው ነበር፤ እናቱ መሆኗ ግን ተደበቀ። እዚህ ላይ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

በ1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር ሥራ ጀመረች። እናትና አባት ለሥራ ሲወጡ ልጆቹ ደረጃውንና ግድግዳውን ያበላሹ ስለነበር ባለቤቶቹ የሚጠብቃቸው ፈለጉ። ከ50 የሚበልጡ ልጆች በአንድ ክፍል ተሰበሰቡ። ስሙም የልጆች ቤት ተባለ።

ያኔ ትምህርት ቤት ማለት አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ሳይነቃነቁ መዋል ነበር። እሷ ልጅ ራሱ የሚያነሳው ትንሽ ወንበርና ጠረጴዛ አሠራች። ዕቃውን ልጆቹ ራሳቸው መርጠው የሚያወርዱበት ዝቅ ያለ ቦታ አደረገችው። መጥረግ፣ መታጠብ፣ ቁልፍ መቆለፍ፣ ምግብ ማቅረብ ተማሩ። እኛን የሚያደክመን ሥራ ለልጅ ጨዋታ ነው! አሻንጉሊት ተቀምጦላቸው እነሱ ሥራውን መረጡ። ፊደሉን ደግሞ አናጢዎች ብርጭቆ ወረቀት ከሚሉት ቆርጣ ካርቶን ላይ ለጠፈች። ልጆቹ ድምፁን እያሉ በጣታቸው ይከተሉታል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የ4 እና የ5 ዓመት ልጆች መጻፍ ጀመሩ። ቅጣትም ሽልማትም አላስፈለገም።

ወሬው ዓለምን ዞረ። እሷም እናቷ በ1912 ከሞተች በኋላ ማሪዮን ወደ ራሷ ወሰደችው። 15 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲያ አብሯት ሠራ። እኛንም የወረረን ሙሶሊኒ መጀመሪያ ደግፏት ነበር፤ በኋላ ተጣሉና በ1934 ጣሊያን ያሉ ትምህርት ቤቶቿ ተዘጉ። በ1939 ከልጇ ጋር ሕንድ ሄደች፤ ጦርነቱ ይዟቸው ለዓመታት እዚያው መምህራን ሲያሠለጥኑ ቆዩ። በ1952 ሆላንድ ውስጥ አረፈች። ሥራዋን ማሪዮ ቀጠለ።

እህቶቼ፣ የልጄን ትምህርት ቤት መለወጥ አልችልም። ለእናቴ ግን ደውዬ፣ ከሰፈሩ አናጢ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ለምኚና ሀሁን ቁረጪለት፤ ምስርና ባቄላ ደባልቀሽ እሱ ይልቀም፤ ውሃውን ራሱ ይቅዳ፣ ቢደፋም አትቆጪው አልኳት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ባለፈው ዓርብ ስደውል ስልኩን ነጠቃትና ከሀ እስከ መ አንድ ባንድ ነገረኝ። ጣቱ እንደሻከረም ነገረኝ።

ማሪያ ልጇን የወሰደችው በ15 ዓመቱ ነው። የኔው አሁን 6 ዓመቱ ነው። ኮንትራቴ ሊያልቅ 8 ወር ቀረው፤ ላድሰው አላድሰው እያልኩ ነበር። አሁን ግን ቆርጫለሁ፣ አላድስም።

እናንተም ልጆቻችሁን በስልክ እንዴት እንደምታስተምሩ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። ቸር ያሰማን።

እህታችሁ