ሚዛን ያስተካከሉት ሸይኽ፦ ሐሰን አል-ጀበርቲ



የፈተና ሰሞን ሲመጣ ጀመዓችን ለሁለት ይከፈላል። አንዳንዶቻችን ከመግሪብ በኋላ ያለውን ደርስ ትተን ላይብረሪ እንገባለን፤ እስከ እኩለ ሌሊት እናጠናና ሱብሒ በእንቅልፍ ያልፈናል። ሌሎቻችን ደግሞ እውነተኛው ኢልም የዲን ኢልም ብቻ ነው እንልና ሌክቸሩንም ላቦራቶሪውንም ችላ እንላለን። እኔ ሁለቱንም ሆኜ አይቻለሁ። አንደኛ ዓመት ላይ እንደ መጀመሪያዎቹ ነበርኩ። ሁለተኛ ዓመት ላይ በዚያ ተጸጽቼ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ፤ በመጨረሻም ስታቲክስ ላይ ኤፍ መጣብኝ። ያኔ ምህንድስና ለእኔ አይሆንም፣ ትምህርቱን ትቼ ወሎ ወርጄ ኪታብ ልቅራ ብዬ ወሰንኩ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ፣ በልጅነቴ ቁርኣን ያስቀሩኝን ኡስታዝ ልሰናበትና ዱዓ ላስደርግ ወደ አዲስ ዓለም ሄድኩ።

ኡስታዜ አልተቆጡኝም። ሂድም ቅርም አላሉኝም። ቁጭ አድርገው የአንድ ሸይኽ ሕይወት አጫወቱኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ እኚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ዛሬ የማካፍላችሁ የእሳቸውን ታሪክ ነው፤ የሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲን፣ አላህ ይዘንላቸው።

አብዛኞቻችን የምናውቀው ልጃቸውን ነው። ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የግብጽ ትልቁ የታሪክ ጸሐፊ ነው፤ ናፖሊዮን በ1798 እ.ኤ.አ. ግብጽን ሲወር በዓይኑ አይቶ የጻፈ ሰው። የአባቱን ሕይወት የመዘገበልንም እሱ ነው። ስማቸው ግን ወደ እኛ አገር ይመራል። ጀበርት የሚባለው ከዘይላዕ ወደ ውስጥ ያለው፣ ከኢፋት ጋር የተያያዘው የሐበሻ ምድር ነው። ውሎ አድሮ ስሙ ለሐበሻ ሙስሊም ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የእኛዎቹን የጎንደር ሙስሊሞችም የድሮ ጸሐፊዎች ጀበርቲ ይሏቸው ነበር።

ቅድመ አያታቸው ሸይኽ ዐብዱረሕማን ከሐሰን ሰባት ትውልድ በፊት ከዚያ ምድር ተነስተው፣ በባሕር ወደ ጅዳና መካ ተሻግረው፣ በመጨረሻ ካይሮ ገቡ። በአዝሀር መስጊድ ውስጥ ሪዋቅ አል-ጀበርት የሚባል ቦታ ነበር፤ ከሐበሻ የሚሄዱ ደረሶች የሚያርፉበትና የሚቀሩበት። የዚያ ሪዋቅ ሸይኽ ሆኑ። ኃላፊነቱም በቤተሰቡ ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሐሰን ዘንድ ደረሰ። ከዚህ ተራራ ወርዶ፣ በረሃውንና ባሕሩን ተሻግሮ እዚያ የደረሰ ሐበሻ ደረሳ ሁሉ እነሱ ደጅ ያርፍ ነበር ማለት ነው።

ሐሰን የተወለዱት በ1110 ሂጅራ፣ ማለትም በ1698 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ ጎንደር ላይ የነገሡት ቀዳማዊ ኢያሱ ነበሩ። በአባታቸው በአፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር፤ የአዲስ ዓለም ሰፈራችንም ታሪክ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። አያቶቻችን እዚህ በንግድና በሽመና ሲተዳደሩ ሐሰን ካይሮ ውስጥ በየቲምነት ያድጉ ነበር። አባታቸው የሞቱት እሳቸው የአንድ ወር ሕፃን ሳሉ ነው። ያሳደጓቸው የአባታቸው እናት ሐጃ መርየም ናቸው። እኚህ ሴት ንብረት ያላቸው፣ ንብረታቸውንም አስተዳድረው ለልጅ ልጃቸው ያቆዩ ነበሩ። ልጁን ለዑለማ ሰጥተው አስቀሩት፤ በአስር ዓመቱም ቁርኣንን ሐፈዘ።

ከዚያ ሐሰን እንደ ማንኛውም የአዝሀር ደረሳ ፊቅህ ቀሩ። በሐነፊ መዝሀብ ጠልቀው እስከ ማስተማርና ፈትዋ መስጠት ደረሱ። ለአንድ ዓሊም ይህ በቂ ነበር። እሳቸው ግን ሌላም ፈለጉ። ሸይኽ ሑሳሙዲን ከሚባሉ ሕንዳዊ ዓሊም ሒሳብ፣ ጂኦሜትሪና ሥነ ፈለክ ተማሩ። ቱርክኛና ፋርስኛ አወቁ። የእጅ ጽሑፍ ጥበብ ለመዱ። ለኑሯቸው ደግሞ ይነግዱ ነበር፤ በኢልማቸው ከመሳፍንት እጅ እንዳይጠብቁ ያደረጋቸው ይኸው ነው። ቤታቸው በኪታብ ብቻ አልተሞላም፤ አስጦርላብና ሌላ የመለኪያ መሣሪያም ነበረበት። ደጃቸውን የሚያንኳኳው ደረሳ ብቻ ሳይሆን የእጅ ባለሙያም ነበር።

እዚህ ላይ ኡስታዜ ደጋግመው የነገሩኝ ታሪክ ይመጣል። በ1740ዎቹ መጨረሻ አካባቢ አሕመድ ፓሻ የሚባል አዲስ የኦቶማን አገረ ገዥ ካይሮ ገባ። ሒሳብ የሚወድ ሰው ነበር። የአዝሀር ታላላቅ ዑለማ ሊጎበኙት ሲሄዱ ስለ ሒሳብ ጥበብ ያነሳባቸዋል፤ እነሱም በዚህ ሙያ እንደሌሉበት ይነግሩታል። ፓሻው አዘነ። ግብጽ የዕውቀት ምንጭ ናት እየተባለ ሲሰማ ኖሮ ያገኘው ሌላ ሆነበት። የአዝሀሩ ሸይኽ ዐብዱላህ አሽ-ሹብራዊ ምክንያታቸውን አስረዱ። እንዲህ ያለው ዕውቀት ፈርድ ኪፋያ ነው፤ የተወሰኑ ሰዎች ከያዙት ከሌላው ላይ ይወርዳል። ደግሞም መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ የአዝሀር ደረሳ ግን አብዛኛው ከየገጠሩ የመጣ ድኻ ነው። ፓሻው ታዲያ እነዚያ የተወሰኑት ሰዎች የታሉ ብሎ ጠየቀ። ሸይኽ ሹብራዊም ወደ ሐሰን አል-ጀበርቲ ላኩት።

ፓሻው ከሐሰን ጋር ተገናኘና ወደዳቸው፤ ደጋግሞም እየተገናኛቸው ተማረ። በሶላት ወቅት ጥላ የሚለካባቸው የእብነ በረድ የፀሐይ ሰዓቶች በአዝሀርና በሌሎች ቦታዎች ተሠሩ። ሸይኽ ሹብራዊ ከዚያ በኋላ ሐሰንን ባገኙ ቁጥር፣ በዚያ ሰው ፊት ከውርደት ስላዳኗቸው ያመሰግኗቸው ነበር። አንድ ሰው በሁለቱም በኩል ስለቆመ የመላው ጀመዓ ፊት ዳነ።

ለእኔ ከሁሉ በላይ የሆነው ታሪክ ግን የሚዛኑ ነው። በ1172 ሂጅራ፣ ማለትም በ1758 ወይም በ1759 እ.ኤ.አ.፣ የካይሮ ገበያ ሚዛኖችና የክብደት ድንጋዮች ተዛብተው ተገኙ። የአንዱ ነጋዴ ሚዛን ከሌላው አይገጥምም፤ ሚዛን የሚሠሩት ሰዎችም የአሠራሩን ስሌት አያውቁትም ነበር። ሐሰን በዚያን ጊዜ ስድሳ ዓመት ገደማቸው ነው። ይህ የኔ ሥራ አይደለም፣ እኔ የፊቅህ ሰው ነኝ ማለት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን አንጥረኞችንና ሚዛን ሠሪዎችን ሰበሰቡ፤ ክብደቶቹን አንድ በአንድ መረመሩ፤ የሚዛኖቹን ክንድ በጂኦሜትሪ አሰሉና አስተካከሉ። ለዚህ ሁሉ ያወጡት ከኪሳቸው ነው፤ አጅሩን ከአላህ ብለው። ከዚያ የገበያውን መዛኞች ጠርተው ስህተቱን አሳዩአቸው፣ አሠራሩንም አስተማሩአቸው። ጉዳዩን የሚያስረዳ ኪታብም ስለ ሚዛን ጻፉ።

ይህን ሥራ ከዲን ለይቶ ማየት ይቻላል? ቁርኣን መስፈሪያ የሚያጎድሉትን የሚያስጠነቅቅ አንድ ሙሉ ሱራ አለው። በሱረቱ ረሕማንም ሚዛን ከሰማይ ጋር አብሮ ይነሳል። ሸይኽ ሐሰን ሱራውን በሚሕራብ ቀሩት፤ በገበያ ደግሞ በብረትና በስሌት ሠሩበት። ለእሳቸው ሁለቱ አንድ መንገድ ነበሩ።

ኡስታዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ እኔ ስለ ሌላ ነገር አሰብኩ፤ ስለወደቅሁበት ኮርስ። የድሮ ነጋዴዎች አንዱ ክንዷ አጭር፣ ሌላው ረጅም የሆነ ሚዛን ነበረቻቸው። ዕቃው በአጭሩ በኩል ይንጠለጠላል፤ በረጅሙ ክንድ ላይ ትንሽ ክብደት ወዲያና ወዲህ ትንሸራተታለች። ትንሿ ክብደት ትክክለኛ ቦታዋ ላይ ስትደርስ ከእሷ ብዙ እጥፍ የሚከብደውን ጆንያ ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች። ስታቲክስ ላይ ሞመንት የምንለው ይኸው ነው። ሚዛን የሚቆመው ክብደቱ እኩል ስለሆነ አይደለም፤ ክብደቱና ርቀቱ ሲባዙ ሁለቱም በኩል አንድ ስለሚመጣ ነው።

እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሳሳት የነበረው እዚህ ላይ ነው። ሚዛን ማለት ቀኑን ለሁለት መክፈል ይመስለኝ ነበር፤ አንዱን ለመጨመር የግድ ከሌላው መቀነስ። ግን አስቡት። አምስቱ ሶላቶች ከሃያ አራቱ ሰዓት የሚወስዱት ትንሽ ነው። በወቅታቸው ከተቀመጡ ግን ያንን ሁሉ የጥናት ሸክም ይይዙታል። ከቦታቸው ካንሸራተትናቸው ግን ቀኑ በሙሉ ያዘነብላል። እንደዚሁ ሌክቸርን ትቶ ሌት ተቀን መስጊድ መዋልም ሚዛኑን አያቆመውም፤ ክብደቱን በሌላው ጫፍ ላይ መቆለል ብቻ ነው።

የሸይኹ ሕይወት ደግሞ ሁሉም ነገር የሰመረለት ሰው ሕይወት አልነበረም። ብዙ ልጆች ወልደው ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው ቀብረዋል። በልጅነታቸው የአባት ፊት አላዩም። በስተርጅና የወለዱት ዐብዱረሕማን ሲተርፍላቸው ሁሉንም ለእሱ አስተማሩት። ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ። ልጃቸው እንደጻፈው፣ በ1159 ሂጅራ፣ ማለትም በ1746 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ከሸይኹ ዘንድ ጂኦሜትሪ ቀርተው ነበር። እነሱ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተማሩትን በሥራ ላይ አዋሉት፤ በነፋስ ወፍጮ፣ በከባድ ዕቃ ማንሻ፣ በውሃ መሳቢያ። ከአዝሀር በኩል ግን ከሸይኹ ይህን ኢልም የወረሰው ጥቂት ሰው ነበር። የአንድ ሰው ሚዛን መስተካከል ለራሱ ይጠቅመዋል፤ ጀመዓው ግን በአንድ እግሩ ከቆመ ያ ሰው ሲሞት ሚዛኑም አብሮት ይወድቃል። ሸይኽ ሐሰን የሞቱት በ1188 ሂጅራ፣ ማለትም በ1774 እ.ኤ.አ. ነው። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ፈረንሳዮች ከመድፋቸው ጋር መሐንዲሶቻቸውንም ይዘው ካይሮ ሲገቡ፣ ልጃቸው ዐብዱረሕማን መሣሪያዎቻቸውን እያየ በጥፋታቸውም በዕውቀታቸውም ላይ ሳያዳላ ጻፈ። ያ ፍትሐዊ ብዕር የአባቱ ቤት ትምህርት ይመስለኛል።

ያን ቀን ከአዲስ ዓለም ስመለስ ሻንጣዬን ፈታሁት። ወሎ መሄዱን ለዘላለም አልተውኩትም፤ ክረምት ሲመጣ ኢንሻአላህ እሄዳለሁ። ስታቲክስን ደግሜ ወስጄ አለፍኩ፤ ሲ ፕላስ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። አሁን የምሞክረው ቀላል ነገር ነው። መጀመሪያ የአምስቱን ሶላት ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ጥናቱንም፣ ደርሱንም፣ እንቅልፉንም በእነሱ መካከል እደረድራለሁ። ሐሙስ ማታ ደግሞ ወደየት እንዳዘነበልኩ እፈትሻለሁ። የካይሮ ሚዛኖች ተዛብተው ነበር። የኔም ብዙ ጊዜ ይዛባል። ባለፈው ወር ለፕሮጀክት ማስረከቢያ ስሮጥ ለሦስት ቀን ሱብሒን ከጀመዓ አልሰገድኩም። ሐሙስ ባይኖር ሠላሳ ቀን ይሆን ነበር።

በዚህ ሰሞን ዶርም ውስጥ ሻንጣ እየሸከፈ ያለ ወንድም፣ ወይም ሙስሐፏን ከከፈተች ብዙ ጊዜ የሆናት እህት ካለች፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ብቻችሁን አትወስኑ። ከጀመዓው አንዱን ወይም የምታምኑትን ዓሊም አማክሩ።

አላህ ሸይኽ ሐሰንን ይዘንላቸው፤ ለእኛም በዲናችንም በትምህርታችንም ቀጥ ያለ ሚዛን ይስጠን። ፈተናችሁን ያቅልላችሁ። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።