ዳግማዊ ምኒልክና የሥራ ክብር

ዳግማዊ ምኒልክ ከሸዋው ንጉሥ ከኃይለ መለኮትና ከወይዘሮ እጅጋየሁ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሲሞቱ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወድቀው ወደ መቅደላ ተወሰዱ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው የአባታቸውን ዙፋን ያዙ። በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ።

ያ ጊዜ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ የጸናበት ነበር። የከብት በሽታ በሬውን ስለ ፈጀው ሞፈርና ቀንበር ሥራ ፈቱ። መሬቱን በዶማ መቆፈር ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን የእጅ ሥራ እንደ ውርደት ስለሚቆጠር መኳንንቱ ዶማ መጨበጥን ናቁት። ምኒልክ በትእዛዝ ብቻ አልተወሰኑም፤ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ። ንጉሡ ሲቆፍሩ ያየ መኰንን ሥራውን ለመናቅ ምክንያት አጣ።

ክፉው ቀን ካለፈ በኋላ ንግድ ተስፋፋ። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገ ውል በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ተፈቀደ። ጋምቤላ ሲቋቋም የኢሉባቦር ቡና ከጎሬ ተነሥቶ በቡሬ በኩል እየወረደ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ጀመር። ይህ ሁሉ ያለ ገበሬው ድካም፣ ያለ ቀጥቃጩ መጥረቢያ፣ ያለ ፋቂው ጠፍር አይሆንም ነበር። ሆኖም ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ጸሐፊው ጠንቋይ እየተባለ ይሰደብ ነበር። ስድቡን የፈራ ልጅ የአባቱን ሙያ ይተዋል፤ ሙያውም ከባለሙያው ጋር ይቀበራል።

ምኒልክ ይህን ጉዳት ተመልክተው በ1900 ዓ.ም. ዐዋጅ አወጡ። የሰው ሁሉ ዘር አንድ መሆኑን፣ ሠራተኛን መስደብም አገርን ባዶ የሚያስቀር መሆኑን ገለጹ፤ ሠራተኛን የሚሰድብ ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰርም ደነገጉ። ከዐዋጁ 20 ዓመት ያህል ቆይቶ በአሜሪካ፣ በቺካጎ አጠገብ በነበረ ፋብሪካ የተደረገ ጥናት የሠራተኛ ትጋት ከደመወዙ ሌላ በሚሰጠው ግምትም እንደሚወሰን ለብዙዎች አመለከተ።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ንቀቱ ግን ከእርሳቸው በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ። ዐዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን የሚለውጠው ግን ዶማውን አብሮ የሚይዝ እጅ ነው።

ጥያቄዎች

1. ምኒልክ ራሳቸው የቆፈሩት ለምንድን ነው?
2. ስድብ ሙያን እንዴት ያጠፋል?
3. በአካባቢያችሁ የሚናቅ ሙያ ካለ ጥቅሙን በአንድ አንቀጽ ግለጹ።