ዳግማዊ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ፦ ከዋግና ላስታ ተነስተው ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የነገሡ ንጉሠ ነገሥት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት ታሪክ ሲነሳ ከአጼ ቴዎድሮስ ቀጥሎ የአጼ ዮሐንስ አራተኛ ስም መጠራቱ የተለመደ ነው። ይሁንና በሁለቱ ነገሥታት መካከል ሦስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የንጉሠ ነገሥትነቱን ዘውድ ደፍተው የቆዩ ሌላ መሪ ነበሩ። እኚህም ከዋግና ላስታ የተነሱት ዋግሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን፣ በንግሥ ስማቸው ዳግማዊ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ናቸው።

የእኚህ ንጉሥ የሕይወት ታሪክ በአንድ ወቅት ለአንድ ዙፋን የቀረቡ ሦስት ተፎካካሪዎች ያደረጉትን ትግል አጉልቶ ያሳያል። ተፎካካሪዎቹ ዋግሹም ጎበዜ፣ የትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ እና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ነበሩ። ሦስቱም የትውልድ ሐረግ ነበራቸው፤ ሦስቱም ሠራዊት ነበራቸው፤ ሦስቱም ዙፋኑ ለእኔ ይገባል ይሉ ነበር። ከመካከላቸው ማን መንገሥ እንዳለበት የሚወስን፣ ሁሉም የሚቀበለው ሥርዓት ግን በወቅቱ አልነበረም።

ዋግሹም ጎበዜ የተወለዱት ለብዙ መቶ ዓመታት ዋግን ሲያስተዳድር ከቆየው ባላባት ቤት ነው። ይህ ቤት የዘር ሐረጉን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥራል። ዛጉዌዎች መናገሻቸውን በላስታ አድርገው ሀገሪቱን የመሩና በላሊበላ የሚገኙትን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለትውልድ ያስተላለፉ ናቸው። በ1262 ዓ.ም ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ከተላለፈ በኋላ የዛጉዌ ተወላጆች ዋግን በዘር እየወረሱ እንዲያስተዳድሩ መፈቀዱን የአካባቢው ትውፊት ያስረዳል። ዋግሹም የሚለው የማዕረግ ስም የሚሰጠውም ለዚሁ ቤት አለቃ ነበር።

ጎበዜ በእናታቸው በኩል ደግሞ ከጎንደር ነገሥታት እንደሚወለዱ ይነገራል። በዚህም ምክንያት የላስታንና የጎንደርን የንግሥና ሐረግ በአንድነት የያዙ ሰው ሆነው ለመቅረብ ችለዋል።

አባታቸው ዋግሹም ገብረ መድኅን በአጼ ቴዎድሮስ ላይ በማመጻቸው ተይዘው በስቅላት ተቀጥተዋል። ልጃቸው ጎበዜም የአባታቸውን ደምና የቤታቸውን ርስት ምክንያት አድርገው ከ1850ዎቹ አጋማሽ በኋላ በዋግና ላስታ ተራሮች ሸፈቱ። አካባቢው ገደላማና አምባ የበዛበት በመሆኑ ለማዕከላዊው ሠራዊት አስቸጋሪ ነበር። የቴዎድሮስ ኃይል እየተዳከመ ሲሄድም የጎበዜ ግዛት እየሰፋ መጣ።

በዚሁ ዘመን ሌሎቹ ሁለት ተፎካካሪዎችም በየበኩላቸው ተነስተው ነበር። ምኒልክ ለአስር ዓመታት ያህል በመቅደላ በግዞት ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም አምልጠው ወደ ሸዋ በመመለስ የአያታቸውን የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን መንበር ያዙ። የትውልድ ሐረጋቸውን ከራስ ሚካኤል ሥዑልና ከደጃዝማች ሰባጋዲስ የሚቆጥሩት ካሣ ምርጫ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከጎበዜ ጋር ተባብረው ቢሰለፉም፣ ብዙ ሳይቆዩ ተለይተው ትግራይን በእጃቸው አስገቡ። ጎበዜ የካሣን እህት ወይዘሮ ድንቅነሽ ምርጫን በማግባታቸው ሁለቱ ተፎካካሪዎች አማቾችም ነበሩ።

በ1860 ዓ.ም በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር በመቅደላ የታሰሩ አውሮፓውያንን ለማስፈታት ከቀይ ባሕር ጠረፍ ተነስቶ በትግራይና በላስታ በኩል አለፈ። ካሣም ሆኑ ጎበዜ ይህን ጦር አልተዋጉትም። ሁለቱም ቴዎድሮስን የሚጥል ኃይል በምድራቸው ሲያልፍ ማየታቸው ከየራሳቸው ፍላጎት ጋር የሚስማማ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሲሰዉ ዙፋኑ ባዶ ሆነ።

የእንግሊዝ ጦር ሲመለስ ግን ሁለቱ ተፎካካሪዎች ያገኙት ጥቅም እኩል አልነበረም። ካሣ ለሠራዊቱ መንገድ በመክፈታቸውና ስንቅ በማቅረባቸው 12 መድፎች፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠመንጃዎችና ጥይት ተሰጣቸው። ከዘመቻው ጋር የመጣው እንግሊዛዊ ጆን ኪርክሃምም በኋላ የካሣን ወታደሮች በዘመናዊ ስልት አሰለጠነ። ይህ መሣሪያ በቁጥር ሲታይ ብዙ ባይሆንም ከሦስት ዓመታት በኋላ የዙፋኑን ዕጣ ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ሆኗል።

ዋግሹም ጎበዜ ጊዜ ሳያጠፉ በዚያው በ1860 ዓ.ም አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በወቅቱ ከሦስቱ ተፎካካሪዎች ሁሉ ሰፊው ግዛትና ትልቁ ሠራዊት የእርሳቸው ነበር። በጎንደር በኩል የነበሩትን ተቀናቃኛቸውን ጢሶ ጎበዜን አሸነፉ። በጎጃም በኩል እህታቸውን ወይዘሮ ላቀችን ለአዳል ተሰማ በመዳር የጋብቻ ትስስር ፈጠሩ። ከምኒልክ ጋርም ወደ ግልጽ ጦርነት ሳይገቡ በጥንቃቄ ኖሩ። በቴዎድሮስ ዘመን የተዘረፈችውንና የተቃጠለችውን ጎንደርን መልሶ ለማቅናት፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም ለማደስ ጥረት ማድረጋቸው የካህናቱን ድጋፍ እንዲያገኙ ረድቷቸዋል።

ይሁን እንጂ ንግሣቸው አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። በጊዜው ሥርዓት ንጉሠ ነገሥት ሆኖ መታወቅ የሚቻለው ከግብጽ በሚመጣ ጳጳስ እጅ ቅብዓ ንግሥ ሲቀቡ ነበር። የቀድሞው ጳጳስ አቡነ ሰላማ ግን ተክለ ጊዮርጊስ ከመንገሣቸው በፊት፣ በጥቅምት 1860 ዓ.ም በመቅደላ በእስር እንዳሉ አርፈዋል። በመሆኑም ተክለ ጊዮርጊስ ዘውድ የደፉት ጳጳስ በሌለበት ነበር። ይህም ተፎካካሪዎቻቸው ንግሣቸውን ሙሉ አይደለም እንዲሉ በር ከፍቷል።

ክፍተቱን ቀድመው የተረዱት ካሣ ነበሩ። ወደ ግብጽ መልእክተኛ ልከውና ብዙ ገንዘብ አውጥተው በ1861 ዓ.ም አቡነ አትናቴዎስን አስመጡ። ጳጳሱም በካሣ አገር ተቀመጡ። ከዚህ በኋላ የሁለቱ አማቾች ፉክክር መልኩን ለወጠ። አንዱ ዘውድ ደፍቶ ጳጳስ የሌለው፣ ሌላው ጳጳስና ዘመናዊ መሣሪያ ኖሮት ዘውድ ያልደፋ ሆነው ተፋጠጡ። ተክለ ጊዮርጊስ ካሣ እንዲገብሩላቸው ፈለጉ፤ ካሣ ግን አልገበሩም። ጊዜ በገፋ ቁጥር የሚጠናከሩት ካሣ መሆናቸው ግልጽ ስለነበር፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን በጦር ሜዳ ለመጨረስ ወሰኑ።

በ1863 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ አጼ ተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊታቸውን አስከትተው ወደ ትግራይ ዘመቱ። ሠራዊታቸው 60 ሺህ ያህል እንደነበረ፣ የካሣ ደግሞ 12 ሺህ ገደማ እንደነበረ የታሪክ መጻሕፍት ያወሳሉ። ሐምሌ 5 ቀን 1863 ዓ.ም በዐድዋ አቅራቢያ በአሰም ወንዝ በተደረገው ጦርነት በቁጥር ያነሰው ነገር ግን በመሣሪያና በሥልጠና የተሻለው የካሣ ሠራዊት ድል አደረገ። አጼ ተክለ ጊዮርጊስም ቆስለው ተማረኩ።

ካሣ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም በአክሱም በአቡነ አትናቴዎስ እጅ ተቀብተው አጼ ዮሐንስ አራተኛ ተባሉ። ተሸናፊው ንጉሥ ግን ወደ ዋግም ሆነ ወደ ላስታ አልተመለሱም። ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው በዐድዋ አካባቢ በእስር ቆዩ። ዐይናቸው እንዲጠፋ መደረጉም ይነገራል። ጥቂት ጊዜ ሳይቆዩም በዚያው በግዞት እንዳሉ ሕይወታቸው አለፈ። የካሣ እህት የሆኑት ባለቤታቸው ወይዘሮ ድንቅነሽ ባላቸውን ከዙፋን ያወረደው የገዛ ወንድማቸው መሆኑ የዚያን ዘመን ፉክክር በአንድ ቤተሰብ ላይ ያሳረፈውን ሸክም ያሳያል።

ሦስተኛው ተፎካካሪ ምኒልክ በአሰም ጦርነት አልተሳተፉም። ሁለቱ ሲዳከሙ እርሳቸው በሸዋ ኃይላቸውን ሲያደራጁ ቆዩ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም ከአጼ ዮሐንስ ጋር በልቼ በተደረገው ስምምነት የንጉሠ ነገሥትነት ይገባኛል ጥያቄያቸውን ትተው የሸዋ ንጉሥ ተብለው ታወቁ። የተክለ ጊዮርጊስ አማች የነበሩት አዳል ተሰማም በ1873 ዓ.ም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው በጎጃም ነገሡ። አጼ ዮሐንስ ተፎካካሪዎቻቸውን በሙሉ በጦር ከመደምሰስ ይልቅ በየግዛታቸው አውቆ በበላይነት ማስተዳደርን የመረጡት ከአሰም በኋላ ነው። አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም በመተማ ሲሰዉም ዘውዱ የተላለፈው በትዕግሥት ለጠበቁት ለምኒልክ ነበር።

በአሰም ሽንፈት የዋግ ቤት ንጉሠ ነገሥትነቱን ቢያጣም ከሀገሪቱ አገልግሎት አልወጣም። የዚሁ ቤት ተወላጅ ዋግሹም ጓንጉል በ1888 ዓ.ም ሠራዊታቸውን ይዘው በዐድዋ ዘመቻ ተሰልፈዋል። የትናንት ተሸናፊዎችና አሸናፊዎች ልጆች ከአሰም ብዙ በማይርቅ ሥፍራ፣ በአንድ ዓላማ ሥር ለአንዲት ሀገር ነጻነት ተዋግተዋል።

የአጼ ተክለ ጊዮርጊስ ታሪክ ለመንግሥት ሥራ ቅርብ ለሆነ አንባቢ የሚያስተላልፈው ቁም ነገር አለ። ንጉሡ የጎደላቸው ድፍረት ወይም የሠራዊት ብዛት አልነበረም። የጎደለው፣ ሥልጣን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍበትና ሁሉም ተፎካካሪ አስቀድሞ የተቀበለው ደንብ ነበር። እንዲህ ያለ ደንብ በሌለበት የዘር ሐረግ፣ ጋብቻ፣ ቅብዓ ንግሥና ጠመንጃ በየተራ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ፤ የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ግን ጠመንጃ ሆነ። ለዚህም ዋጋውን የከፈሉት ዘውዱን ያጡት ንጉሥ ብቻ አልነበሩም። በየጊዜው ሠራዊት የሚያልፍበትና ስንቅ የሚጠየቀው የዋግ፣ የላስታና የትግራይ ገበሬም የዚያው ዋጋ ከፋይ ነበር።