የንግሥቲቱ የእጅ ሰዓትና ሠሪው ብሬጌ

የወርቅ የእጅ ሰዓት ሲታይ ብዙ ሰው የሚያደንቀው የወርቁን ክብደት ነው። በፊቱ ላይ የተቀረጹት ረቂቅ መስመሮችና እንደ ሣንቲም ጠርዝ የተሰነጣጠቀው ዳርቻው ከማን እጅ እንደ ወጡ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጌጥ በሰዓት ሥራ እንዲታወቅ ካደረጉት ሰዎች ዋነኛው አብርሃም ሉዊ ብሬጌ ነበር።

ብሬጌ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1747 ዓ.ም. በስዊስ አገር በኑሻቴል ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተበት፥ ሙያውን ያገኘው ሰዓት ሠሪ ከነበረው ከእንጀራ አባቱ ቤተ ሰብ ነው። በ15 ዓመቱ ወደ ፈረንሳይ ሄዶ ተማረ፤ በ1775ም በፓሪስ በሴን ወንዝ ዳር የራሱን ሱቅ ከፈተ።

በዚያ ዘመን የሰዓት ጌጥ ማለት ሥዕልና አበባ መጫን ነበር። ብሬጌ ግን ይህን ተወው። ቤቱን አሳሳው፤ ፊቱንም በእጅ በሚዞር መኪና በተቀረጹ ጥቃቅን መስመሮች ሸፈነው። መስመሮቹ ለውበት ብቻ አልነበሩም፤ የብርሃኑን ነጸብራቅ ስለሚቀንሱ ሰዓቱን ለማንበብ ይረዱ ነበር።

ዝና ግን ምቀኛ አያጣም። ሐሰተኞች ስሙን በርካሽ ሰዓት ላይ ጽፈው መሸጥ በጀመሩ ጊዜ፥ በ1795 ገደማ፥ ብርሃን በጎን ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ ምስጢራዊ ፊርማ በሰዓቶቹ ፊት ላይ መቅረጽ ያዘ።

ከዚህ የከፋው መከራ የፈረንሳይ አብዮት ነው። በ1783 ለንግሥት ማሪ አንቷኔት የሚሆን፥ በተቻለ መጠን በሌላ ብረት ፈንታ ወርቅ የሚገባበት ሰዓት ታዝዞ ነበር። በ1793 ንግሥቲቱ ተገደሉ፤ ብሬጌም ሕይወቱን ለማትረፍ ወደ ስዊስ ሸሸ። በ1795 ሲመለስ ሥራውን እንደ ገና ከመጀመሪያው ማቋቋም ግድ ሆነበት። ሆኖም ተስፋ አልቈረጠም፤ የምድር ስበት በኪስ ሰዓት አካሄድ ላይ የሚያመጣውን ስሕተት የሚያርመውን ቱርቢዮን የተባለ መሣሪያ ፈልስፎ በ1801 የባለቤትነት መብት አገኘበት።

በ1810 የናፖሊዮን እኅት የናፖሊዋ ንግሥት ካሮሊን ሙራ በክንድ የሚታሰር ሰዓት አዘዙት። ያን ጊዜ ሰዓት የኪስ ዕቃ ነበር። ብሬጌ እንቁላል መሰል የሆነ ቀጭን ሰዓት ከጠጉርና ከወርቅ ክር በተሠራ ማሰሪያ አበጀላቸው። ከ17 ያላነሱ ሠራተኞች የደከሙበት ይህ ሰዓት በ1812 ተፈጸመ። በታሪክ ከታወቁት ከመጀመሪያዎቹ የእጅ ሰዓቶች አንዱ እርሱ ነው፤ ዛሬ ግን ያለበት አይታወቅም።

ብሬጌ በ1823 አረፈ። የማሪ አንቷኔት ሰዓት የተፈጸመው ከእርሱ ሞት በኋላ በ1827 ነው። የታዘዘላት ንግሥት አላየችውም፤ የጀመረውም ባለሙያ አልጨረሰውም፤ ይሁን እንጂ ያስተማራቸው ሰዎች ከፍጻሜ አደረሱት። ወርቅ በገንዘብ ይገዛል፤ እንዲህ ያለ ሙያ ግን ለሚቀጥለው ትውልድ የሚተላለፈው በማስተማር ብቻ ነው።