የሸክላ ነጋዴው ብራያን ኤፕስታይን

ተማሪዎች ሆይ፤ ሠርግ ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ አስቀድሞ የሚያርፈው በሙሽሮቹ ላይ ነው። ድንኳኑን ያስተከለውን፣ ጠላውን የጠመቀችውን፣ እንግዳውን እየተቀበለ በየቦታው የሚያስቀምጠውን ሰው የሚያስተውል ጥቂት ነው። የሙዚቃ ቡድኖችም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይለይም። ቢትልስ በተባለው የእንግሊዝ የሮክ ሙዚቃ ባንድ ውስጥ የተጫወቱትን አራት ወጣቶች፣ ማለትም ጆን ሌነንን፣ ፖል ማካርትኒን፣ ጆርጅ ሃሪሰንንና ሪንጎ ስታርን ዓለም በስማቸው ያውቃቸዋል። እዚህ የምታነቡት ግን ከአራቱ የአንዳቸውም ታሪክ አይደለም። በመድረክ ላይ አንዲት ዜማ ሳያሰማ ሕይወቱን ለእነርሱ ሥራ ያዋለ የአንድ ሸክላ ነጋዴ ታሪክ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን ልብ በሉ።

ብራያን ኤፕስታይን ሴፕቴምበር 19 ቀን 1934 የወደብ ከተማ በሆነችው በሊቨርፑል ተወለደ። አያቱ ከሊቱዌኒያ ተሰዶ እንግሊዝ አገር የገባ አይሁዳዊ ሲሆን፣ በሊቨርፑል የቤት ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ከፍቶ ቤተ ሰቡን አቋቁሞ ነበር። ቆይቶም ቤተ ሰቡ ከሱቁ አጠገብ የነበረውን የሙዚቃ መደብር ጠቀለለው። ይህ መደብር በአሕጽሮት ኔምስ ይባል ነበር። የፖል ማካርትኒ አባት ለቤታቸው ፒያኖ የገዛው ከዚሁ መደብር ነው፤ ከዓመታት በኋላ ስለሚመጣው ዝምድና ግን ሻጩም ገዢውም አንዳች አያውቁም ነበር።

የብራያን የተማሪነት ዘመን የተቃና አልነበረም። ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲዘዋወር አደገ፤ በ10 ዓመቱም ከአንደኛው ተባረረ። የልብስ ንድፍ ባለሙያ ለመሆን ቢመኝ አባቱ ሃሪ አልፈቀደለትምና በ16 ዓመቱ ከቤተ ሰቡ ሱቅ ገብቶ መሸጥ ጀመረ። በ1952 ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ፤ የአገልግሎቱ ዘመን ሳይፈጸም ግን ተሰናበተ። በ1956 ደግሞ ተዋናይ ለመሆን በለንደን ከተማ በንጉሣዊው የድራማ ጥበብ አካዳሚ ተመዘገበ፤ በተከታዩ ዓመት ያንንም ትቶ ወደ ሊቨርፑል ተመለሰ። ሰውን በ22 ዓመቱ መዝኖ መፍረድ ቢቻል ኖሮ፣ ኤፕስታይን የጀመረውን የማይጨርስ ሰው ተብሎ በተፈረደበት ነበር።

ተሰጥዎው የታየው ከዚያው ከሸሸው ሱቅ ውስጥ ነው። የሸክላውን ክፍል በተረከበ ጊዜ አንድ ደንብ አወጣ፤ ይኸውም ደንበኛ ጠይቆ ያጣው ሸክላ ቢኖር፣ ፈላጊው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ሸክላው ከየትም ተፈልጎ እንዲመጣለት ነው። በ1961 በኦክቶበር ወር፣ ቢትልስ በጀርመን አገር ቶኒ ሸሪደን የተባለውን ዘፋኝ አጅበው የተቀረጹበት ሸክላ በሱቁ ተጠየቀ። ሸክላው በእንግሊዝ አገር ገና አልወጣም ነበርና ኤፕስታይን ፍለጋ ጀመረ። ስለ ባንዱ የሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው የሚለውን ታሪክ ግን ሙሉ በሙሉ መቀበል ያስቸግራል፤ ስማቸው ደጋግሞ ይወጣበት የነበረውን የከተማውን የሙዚቃ ጋዜጣ እርሱ ራሱ ይሸጠው፣ ይጽፍበትም ነበር።

እነርሱ የሚጫወቱበት ካቨርን የተባለው ምድር ቤት ከሱቁ በእግር ጥቂት ደቂቃ ርቆ፣ ማቲው ስትሪት በሚባል ጠባብ መንገድ ላይ ይገኝ ነበር። ኖቬምበር 9 ቀን 1961 በምሳ ሰዓት ኤፕስታይን ረዳቱን አሊስቴር ቴይለርን አስከትሎ ደረጃውን ወረደ። እስቲ ሁኔታውን በዓይነ ኅሊናችሁ ሳሉት። ከረባቱን አሥሮ ሙሉ ልብስ የለበሰ የ27 ዓመት ነጋዴ፣ ግድግዳው ወዝ በሚያወጣ ጨለማ ቤት ውስጥ በወጣቶች መካከል ተጨናንቆ ቆሟል። በመድረኩ ላይ ያሉት ልጆች የቆዳ ጃኬት ለብሰው ያጨሳሉ፤ ይበላሉ፤ ከተመልካቹ ጋር ይቀላለዳሉ፤ አንዳንዴም ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ይሁን እንጂ ተመልካቹ ዓይኑን ከእነርሱ ላይ መንቀል እንዳልቻለ ኤፕስታይን አስተዋለ። ያቋረጠው የቴአትር ትምህርት እዚህ ላይ ሳይጠቅመው አልቀረም።

ጃኑዋሪ 24 ቀን 1962 ወጣቶቹ የሥራ አስኪያጅነቱን ውል ፈረሙ። ኤፕስታይን ግን በዚያ ወረቀት ላይ ስሙን አላኖረም፤ ሥራው ባይሳካለት ያለ ክርክር እንዲለቁት ፈልጎ ነበር። ነጋዴ እንዲህ ያለ ውል ሲዋዋል ብዙ ጊዜ አይታይም።

የወላጆቹንም ልብ ማሸነፍ ነበረበት። የጆን እናት በ1958 በመኪና አደጋ ሞታ ነበር፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው ግን አክስቱ ሚሚ ነበረች፤ እርስዋም ጊታር እንጀራ ይሆናል ብላ አታምንም ነበር። የፖል እናት በ1956 ሞታ ነበርና አባቱ ጂም፣ ቀድሞ ራሱ በጃዝ ባንድ የተጫወተ የጥጥ ነጋዴ፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻውን ያሳድግ ነበር። የጆርጅ አባት አውቶቡስ ነጂ ነበረ፤ እናቱ ሉዊዝ በኋላ ዝና በመጣ ጊዜ ከአድናቂዎች ለሚጎርፈው ደብዳቤ እየተቀመጠች መልስ ትጽፍ ነበር። ኤፕስታይን በእነዚህ ቤቶች የታመነው በትሕትናውና በንጽሕናው ነው። ኦክቶበር 1 ቀን 1962 ለ5 ዓመት የሚጸና አዲስ ውል ሲደረግ፣ የፖልና የጆርጅ አባቶችም አብረው ፈረሙ።

ይህ ከመሆኑ በፊት ግን ብዙ በር ተዘግቶበታል። ጃኑዋሪ 1 ቀን 1962 ለንደን ውስጥ ዴካ በተባለው የሸክላ ኩባንያ 15 ዘፈን ተጫውተው ተፈተኑ፤ ኩባንያውም አልቀበላቸውም አለ። ኤፕስታይን የተቀረጸውን ድምፅ ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ ተንከራተተ። በመጨረሻ ፓርሎፎን ከተባለው ክፍል ኃላፊ ከጆርጅ ማርቲን ዘንድ ደረሰ፤ ይህም ሰው በዚያን ጊዜ ይበልጥ የሚታወቀው አስቂኝ ጭውውቶችን በሸክላ በማስቀረጽ ነበር። ማርቲን በጁን ወር ሰማቸው፤ የሸክላ ውልም ተገኘ። ክፍያው ለአንድ ሸክላ አንዲት ፔኒ ብቻ ስትሆን፣ እርስዋንም ተካፍለው ነው።

በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ባንዱ ወደ ሃምቡርግ በሄደ ጊዜ ከባድ ኀዘን ጠበቀው። የጆን የቅርብ ጓደኛ የነበረውና ለሥዕል ትምህርት ሲል ባንዱን የተወው ስቱዋርት ሳትክሊፍ በ21 ዓመቱ በዚያች ከተማ ሞተ። የሟቹ እናት ልጅዋን ለመሸኘት በአውሮፕላን ስትሄድ ኤፕስታይንና ጆርጅ አብረዋት ተጓዙ።

አሁን ከታሪኩ ሁሉ ወደሚከብደው እንመጣለን። በዚያን ጊዜ የባንዱ ከበሮ መቺ ፒት ቤስት ይባል ነበር። እናቱ ሞና በ1959 በመኖሪያ ቤትዋ ሥር ካስባ የተባለ የወጣቶች ክበብ ከፍታ፣ ልጆቹ ማንም ሳያውቃቸው መድረክ የሰጠቻቸው ሴት ናት። ማርቲን የፒትን አመታት አልወደደውም፤ ሦስቱ ጓደኞቹም ሪንጎ ስታር እንዲተካው ወሰኑ። የሚነግረው ሰው ሲታጣ ሥራው ለኤፕስታይን ተጣለ። ኦገስት 16 ቀን 1962 ፒትን ወደ ቢሮው ጠርቶ አሰናበተው። ከሦስቱ አንዳቸውም በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበሩም፤ እኔ በበኩሌ ይህን ከሚያስመሰግኑ ተግባሮቻቸው ጋር ልቆጥረው አልችልም። በካቨርን የፒት ወዳጆች ተቆጥተው ሁከት አስነሡ፤ ጆርጅም ዓይኑ እስኪጠቁር ተመታ። የፒት የልብ ጓደኛ የነበረውና የባንዱን ዕቃ በመኪና የሚያመላልሰው ኒል አስፒናል ሥራውን ሊለቅ አስቦ ነበር፤ እንዲቆይ የመከረው የተባረረው ፒት ራሱ ነው። ኒልም ቆየ። በ1963 ደግሞ የቴሌፎን ቴክኒሽያንና የካቨርን በረኛ የነበረው ግዙፉ ማል ኢቫንስ ተጨመረለት።

ኤፕስታይን የቆዳውን ጃኬት በሙሉ ልብስ ለወጠላቸው፤ በመድረክ ላይ መብላትንና ማጨስን አስተዋቸው፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላም ጎንበስ ብለው እጅ እንዲነሡ አስተማራቸው። ከካቨርን ካፖርት ተቀባይዋን ሲላ ብላክን ጭምር ሌሎች የሊቨርፑል ዘፋኞችን ከጎኑ አሰለፈ። በ1963 መጨረሻ ኒው ዮርክ ሄዶ ከኤድ ሰለቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ጋር ሲዋዋል፣ ለ3 ጊዜ ጨዋታ 10,000 ዶላር ብቻ ተቀበለ፤ ነገር ግን ስማቸው ከሁሉ በላይ እንዲቀመጥ አስደረገ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1964 በአሜሪካ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመለከታቸው። በ1965 በአሜሪካ ለሚደረግ ጨዋታ የፈረመው ውል ደግሞ ጥቁርና ነጭ ተለይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ ለመጫወት እንደማይገደዱ የሚደነግግ አንቀጽ ነበረበት።

ስሕተቱም የዚያኑ ያህል ትልቅ ነበረ። የቢትልስ ስምና ምስል በአሻንጉሊት፣ በሸሚዝና በማበጠሪያ ላይ እየታተመ እንዲሸጥ በተፈቀደ ጊዜ፣ ከገቢው 90 በመቶ ለሌሎች ተሰጥቶ ለእነርሱ ወገን የቀረው 10 በመቶ ብቻ ነበር። የጠፋው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ጉዳዩም በፍርድ ቤት ተጓተተ። ኤፕስታይን ሸክላ መሸጥ ያውቅ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ንግድ ግን ከእርሱ በፊት ማን አይቶት ያውቃል?

የግል ሕይወቱ በሥጋት የተሞላ ነበር። ወንድ ወንድን ማፍቀሩ በአገሩ ሕግ የሚያሳስር ወንጀል ስለ ነበረ ከሕዝብ ተሰውሮ ኖረ፤ ሕጉ የተሻሻለው በጁላይ 1967፣ ከመሞቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። እንቅልፍ ያጣ ስለ ነበር በክኒን ይረዳ ጀመር። በጁላይ 1966 በማኒላ ወደ ቤተ መንግሥት ግብዣ ባለመሄዳቸው ጥበቃው ተነሥቶባቸው በአውሮፕላን ማረፊያው ተንገላቱ። በዚያው ዓመት ኦገስት 29 ቀን በሳን ፍራንሲስኮ ከተጫወቱ በኋላ የሙዚቃ ጉዞ አቆሙ። ጉዞ ማሰናዳት የኤፕስታይን ዋና ሥራ ነበር። አሁን ልጆቹ ከማርቲን ጋር በስቱዲዮ ሲውሉ እርሱ ምን ይሥራ? የ5 ዓመቱም ውል ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር።

በጁላይ 1967 አባቱ ሞተ። ብራያን ከእናቱ ከኩዊኒ ጋር ኀዘን ተቀመጠ። ኦገስት 27 ቀን 1967 ለንደን ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ በአልጋው ላይ ሞቶ ተገኘ፤ 33 ዓመት አልሞላውም ነበር። መርማሪው ሞቱ በእንቅልፍ መድኃኒት መጠራቀም የደረሰ ድንገተኛ አደጋ መሆኑን ወሰነ። አራቱ በዚያን ዕለት በዌልስ፣ ባንጎር በተባለች ከተማ ነበሩ። የቤተ ሰቡ ኀዘን በሕዝብ ግርግር እንዳይታወክ በማለት ወደ ቀብሩ አልሄዱም፤ በኦክቶበር ወር በለንደን ምኵራብ በተደረገው የመታሰቢያ ጸሎት ግን ተገኙ። ኩዊኒ በስድስት ሳምንት ውስጥ ባልዋንም የበኵር ልጅዋንም ቀበረች።

ከዚያ በኋላ አራቱን በአንድነት የሚወክል ሰው አልተገኘም። በ1969 ሦስቱ አለን ክላይን የተባለውን አሜሪካዊ ሲመርጡ፣ ፖል የሚስቱን ዘመዶች መረጠ። በ1970 ባንዱ ተበተነ፤ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ኒል አስፒናል ግን ያቋቋሙትን ኩባንያ እስከ 2007 ድረስ መራ።

በሊቨርፑል፣ ኔምስ በነበረበት መንገድ ላይ፣ ኤፕስታይን በሞተ በ55ኛው ዓመት፣ በ2022፣ ሐውልት ቆመለት። ከሐውልቱ እስከ ማቲው ስትሪት ያለው መንገድ አሁንም በእግር የጥቂት ደቂቃ ነው።